ጉም የሚደልዘው መስመር፦ ክረምትና የኢትዮጵያ አብስትራክት ሥዕል

በሐምሌ ማለዳ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የረር ተራራን ላያገኘው ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ሜዳ ጉም ሲወርድ የተራራው ጫፍ፣ ባሕር ዛፉና የቆርቆሮው ጣሪያ ወሰናቸውን ያጣሉ። ይህ እንዴት ይሣላል? የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን በጥቁር መስመር የታጠረ ነው፤ ከቅዱሳኑ በስተኋላ ያለው ቢጫም ሆነ ሰማያዊ ደመና አያውቅም። በየሱቁ የሚሰቀለው የመልክዓ ምድር ሥዕል ደግሞ ክረምቱን ዘሎ አደይ አበባ ላይ ያርፋል። ክረምትን የሚችለው አብስትራክት ነው ብዬ አምናለሁ።

የአብስትራክት ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720ቢ ጄቶች የተረከበው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው፤ የልደታው ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። ግጥምጥሞሽ ቢሆንም ሁለቱም አገሩን ካልለመድነው ርቀት እንድናየው አድርገውናል። ሠዓሊው አብስትራክት ለኢትዮጵያ ባዕድ ነው የሚል ወቀሳ ደርሶበታል፤ በ1965 ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። ወቀሳው ልክ አልነበረም። ይልቅ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ የቀለሙ ጉዳይ ነው፦ የ1963ቱ «ጎልጎታ» በቀይ የነደደ ሥራ ነው። ገብረ ክርስቶስ ፀሐይን ያውቃል፤ ዳመናን ግን ለተከታዮቹ ተወላቸው።

ግራጫው የመጣው ከሩቅ ነው። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከአገር የወጣችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2001 ባቀረበችው «ሬቶፒስቲክስ» የአውሮፕላን ማረፊያ ፕላኖችን ደራርባለች። በ2009 በርሊን ላይ ባሳየቻቸው የ«ግሬይ ኤሪያ» ሰባት ሥዕሎች ደግሞ የሕንፃዎችን መስመር በጥንቃቄ ከነደፈች በኋላ መልሳ ደለዘችው። መስመሩ ጨርሶ አይጠፋም፤ ከግራጫው ሥር ይታያል፣ ይሸሻል። የረርን በጉም ውስጥ የፈለገ ዓይን ይህን ትግል ያውቀዋል። ሥራዎቿ በ2016 ክረምት ስድስት ኪሎ፣ በገብረ ክርስቶስ ስም በተሰየመው ሙዚየም ሲታዩ የሁለቱ ሠዓሊዎች ጥያቄ አንድ ጣሪያ ሥር ተገናኘ።

ሆኖም ንጽጽሩን እስከ ጫፍ መግፋት ስሕተት ነው። የ«ግሬይ ኤሪያ» ድልዝ የጦርነት ፍርስራሽን ያስባል፤ የፈረሰው ቤት አይመለስም። ክረምት ግን የሸፈነውን ያበቅላል፤ ከጉሙ በታች ጤፉ እየተዘራ፣ ሣሩ እየለመለመ ነው። ስለዚህ ክረምትን የሚሥል እጅ ግራጫውን በመጨረሻ ላዩ ላይ ማልበስ አይበቃውም፤ አረንጓዴው አስቀድሞ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ከሥር መቀባት አለበት። በምሥራቅ አዲስ አበባ ከገርጂ እስከ አያት የእርሻው ማሳ በፎቅ እየተተካ በሄደ ቁጥር ይህ የሥር ቀለም ከሠዓሊው ዓይን እየራቀ ነው፤ ሥዕሉም ሳይዘገይ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው።