ከሩቅ የተዋሱት መጻሕፍትና የቅርብ ዕውቀት፤ ስለ አምቦና ስለ ምዕራብ ሸዋ ከተሞች በውክፔዲያ የተጻፈው ሲመረመር

በብዙ ሰዎች ትብብር የሚዘጋጀው መዝገበ ዕውቀት፣ ውክፔዲያ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተመሠረተ ወዲህ ስለ አንድ ከተማ ለማወቅ የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ የሚመለከተው እርሱን ሆኗል። ስለዚህ በውስጡ ስለ ምዕራብ ሸዋ ከተሞች የተጻፈው እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የቋንቋውን ውበት ሳይሆን የማስረጃውን ምንጭ ነው፤ ይኸውም ጸሐፊዎቹ መጻሕፍቱን ከየት አግኝተው እንደጻፉ ነው።

መዝገቡ ሦስት ጽኑ ደንቦች አሉት። የተጻፈው ሁሉ በታተመ ምንጭ የሚረጋገጥ ይሁን፤ ጸሐፊው የራሱን አዲስ ምርምር አያግባ፤ ለአንድ ወገንም አያድላ የሚሉ ናቸው። ከእነዚህ ደንቦች የተነሣ መልካም ጸሐፊ ለመሆን አስቀድሞ መልካም ተዋሽ መሆን ያስፈልጋል። በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚኖር ሰው በአቅራቢያው ያጣውን መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍቱ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ ያቀርብለታል፤ ኀላፊነቱን የሚሸከመውም ተቋሙ እንጂ ግለሰቡ አይደለም። መጽሐፉ በፖስታ ይላካል፤ ወይም የተፈለገው ምዕራፍ ብቻ ተገልብጦ ይደርሳል። የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በአገሮች መካከል ስለሚደረግ ውሰት የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ሥርዐቱ ያረጀና የጠና ቢሆንም፣ በአምቦ ለሚኖር መምህር እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሆኖ ቆይቷል።

የዚህ ውጤት በአንቀጾቹ ላይ ይታያል። የእንግሊዝኛው መዝገብ ስለ ከተሞቻችን ሲጽፍ በብዛት የሚደገፈው በሁለት ምንጮች ነው፤ አንደኛው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ቆጠራ፣ ሁለተኛው በርንሃርድ ሊንዳል አሰባስበውት በኡፕሳላ የኖርዲክ አፍሪካ ተቋም ለሁሉም ክፍት ያደረገው የየቦታው ታሪክ ስብስብ ነው። የአማርኛው ደግሞ ስለ ብዙዎቹ ከተሞች ከአቀማመጥና ከሕዝብ ግምት እምብዛም አያልፍም። እ.ኤ.አ. የ2007 ቆጠራ ለአምቦ 48,171 ነዋሪዎች መዝግቧል። ቁጥሩ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሰዎቹ እነማን እንደሆኑና በምን እንደሚተዳደሩ አይነግረንም። የሊንዳልም ስብስብ ምንም እንኳ ብዙ ድካም የተደረገበት ቢሆን፣ ከያዘው አብዛኛው መንገደኞች በማለፍ ላይ ሳሉ ያዩት ነው። መንገደኛ ፍል ውሃውንና ሆቴሉን ያያል፤ የገበያውን ሕግና የሽማግሌውን ዳኝነት ግን አያይም።

በውሰት የሚገኙትም መጻሕፍት ቢሆኑ ያለ ምርመራ ሊታመኑ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1938 በኢጣሊያ የታተመው የምሥራቅ አፍሪካ የጉዞ መምሪያ መንገዶችንና ከተሞችን በዝርዝር ይገልጻል፤ የተዘጋጀው ግን ለወራሪው መንግሥት አገልግሎት ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1985 በጀርመን ያሳተሟቸው ሁለት ቅጾች ደግሞ በእጅጉ የላቁ ናቸው። ይሁን እንጂ የአዲስ ዓለምን ነገር እንመልከት። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. ከተማዪቱን አዲስ መዲና ለማድረግ አስበው ነበር፤ ምክንያቱም በአዲስ አበባ የእንጨት እጥረት በመድረሱ ነው። በኋላ ዕቅዱ ቀርቶ ቤተ መንግሥቱ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህን ያህሉ ከተጻፈው ይገኛል። ለሥራው የተወሰደው መሬት የማን ነበር፣ እንጨቱን ማን ተሸከመ፣ የአካባቢው ኦሮሞ ገበሬዎች ልጆች ዘመኑን እንዴት ያስታውሱታል የሚለው ግን ከሩቅ በተላከ መጽሐፍ ብቻ አይመለስም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የቀረቡት ምንጮች ተማሪዎች ስለ ትውልድ ቦታቸው ለዲግሪ ማሟያ ያዘጋጇቸው ጽሑፎች ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ሁለት በሮች ተዘግተውባቸዋል። አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ ከቤተ መጻሕፍት ሳይወጡ የሚነበቡ በመሆናቸው ለሩቅ ሰው አይደርሱም። ሁለተኛ፣ መዝገቡ የማስተርስ ጽሑፍን እንኳ የሚቀበለው በሊቃውንት ዘንድ ተሰሚነት ማግኘቱ ሲታወቅ ነው። የቃል ምስክርነትማ ከዚህም የባሰ ዕጣ አለው። አቻል ፕራብሃላ እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የተቀዳ የሰዎች ቃል እንደ ምንጭ እንዲጠቀስ ሐሳብ ቢያቀርቡም፣ የመዝገቡ ጸሐፊዎች በስፋት አልተቀበሉትም።

ደንቡ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በአምቦ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም.፣ በጊንጪም በኅዳር 2008 ዓ.ም. የተነሡትን ተቃውሞዎች የመሰለ ነገር ሲጻፍ፣ ያለ ማስረጃ የሚወረወር ቃል ምን ያህል እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። ጉድለቱ ያለው ማስረጃ በመጠየቁ ላይ ሳይሆን፣ የታተመውን ብቻ ማስረጃ ብሎ በመቁጠሩና ማተሚያ ቤቱም ከእኛ ርቆ በመገኘቱ ላይ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው በከፊል በእጃችን ነው። በመጀመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎችን ግልባጭ እርስ በርስ ይዋዋሱ። ሁለተኛ፣ የመጻሕፍት ዝርዝሮች ሁለቱንም ስሞች ይያዙ፤ አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ሆለታም ገነት ተብለው ስለነበር፣ በአንዱ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የሌላውን ዘመን ጽሑፍ ሁሉ ያጣል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ የዚህ መጽሔት የአማርኛ ክፍል የሽማግሌዎችን ቃል ከተናጋሪው ስም፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር፣ በኦሮምኛ የተነገረውንም ከነኦሮምኛው፣ በሊቃውንት አስመርምሮ ያትም። የቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የባህል ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተማሪዎቹን የየአገራቸውን ዘገባ በማተም ይህንኑ መንገድ አሳይቶናል። ቃሉ አንድ ጊዜ ከታተመ ሊጠቀስ ይችላል፤ ያን ጊዜም በሩቅ ያለው ጸሐፊ ስለ አምቦ ሲጽፍ መጽሐፉን የሚዋሰው ከእኛ ይሆናል።