የሰርግ ጠረጴዛ ከሥሩ ይታያል

ለሙሽሮች በቤተሰብ እጅ የተሠራ ጠረጴዛ ሲቀርብ እንግዳው ሁሉ የሚያደንቀው የገጹን ማብረቅረቅ ነው። ቫርኒሽ ግን ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ሥራውን መመዘን የፈለገ ጎንበስ ይበል፤ ከተቻለም ገልብጦ ይየው።

ዋንዛ የሚመረጠው ለመሮም ለመላጊያም ስለሚመች፣ መልኩም ስለሚያምር ነው። ነጣ ያለው የዳር ክፍሉ ግን ነቀዝ ይወደዋልና እግሩ ላይ ከታየ ሠሪው ለእንጨት ሳስቷል። ከየት እንደመጣ መጠየቅም ነውር የለውም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። በቡና ማሳ ለጥላ የቆመ ወይም የጓሮ ዋንዛ ከሆነ ደግ ነው። ባህር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ ይጣመማል።

ዋናው ምስጢር ገጹ ከሥሩ ካለው ፍሬም ጋር የታሰረበት መንገድ ነው። እንጨት ጣውላ ከሆነም በኋላ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል። ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ ወርዱ ግን በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። ሰርጋችን የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ፣ በደረቁ ወራት የተሠራ ጠረጴዛ የመጀመሪያ ፈተናው ሐምሌ ላይ ነው። ገጹ ዙሪያውን በኮላና በሚስማር ተጠርቆ ከሆነ መላወሻ ያጣል፤ በክረምት መሐሉ ያብጣል ወይም መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። አዋቂ አናጢ የብሎኑን ቀዳዳ በወርድ በኩል ሞላላ ያደርገዋል፤ አለዚያም በፍሬሙ ውስጥ ፈር አውጥቶ ገጹን በትናንሽ የእንጨት መያዣዎች ያስይዘዋል። ይህን ካዩ ከሠሪው እጅ ሌላ ማስረጃ አይፈልጉ።

እግሩ ከፍሬሙ የሚጋጠመው በመሮ በተፈለፈለ ጉድጓድና ልኩን ጠብቆ በገባ ምላስ ሊሆን ይገባል። መጋጠሚያው ዙሪያ ስቱኮ ከበዛ ልኩ ተስቷል። ደልዳላ ወለል ላይ አቁመው ጥጉን በርዝመቱ ይግፉት፤ ከተወዛወዘ ኮላ አያድነውም። በቶርኖ የተዋበ እግር ዓይን ይስባል፤ እኔ ግን ከፍሬሙ ሥር ከቀጠነ አላምነውም። ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር ሲለካ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይሁን፤ ከፍታውም 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ።

ከሥሩ የመላጊያ ዱካ ቢያገኙ አይቀየሙ፤ ማንም የማይበላበትን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ጊዜ ማባከን ነው። ላዩ ላይ ግን መዳፍዎን በእንጨቱ አቅጣጫም በተቃራኒውም ያስኪዱ፤ የጣውላዎቹ መጋጠሚያ ለጣት ሊሰማ አይገባም።

አጎት ወይም ወንድም ለመጪው ሰርግ ጠረጴዛ ሊሠራ ካሰበ ጣውላውን ዛሬውኑ ይግዛ። በጥላ ሥር በነፋስ የሚደርቅ እንጨት፣ በልማድ እንደሚባለው፣ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል።