ከጋብቻው ማግስት፦ «ዳርማ እና ግሬግ» እና የሁለት ቤቶች ሙግት

የአሜሪካ ሲትኮም ከጥንዶቹ ፍቅር ይልቅ የፍቅራቸውን መዘግየት ሲመግበን ኖሯል። «ቺርስ» ሳምንና ዳያንን፣ «ፍሬንድስ» ሮስንና ሬቸልን ሲያቀራርቡና ሲያራርቁ ተመልካችን ለዓመታት ይዘው ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 በኤቢሲ የጀመረው «ዳርማ እና ግሬግ» ግን ይህን ጉጉት በመጀመሪያው ክፍል ጨረሰው። የዮጋ አስተማሪዋ ዳርማ ፊንክልስታይንና የፌዴራል ዐቃቤ ሕጉ ግሬግ ሞንትጎመሪ በመጀመሪያ ቀጠሯቸው ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥተው ሬኖ ገቡና ተጋቡ። ሬኖ ያለችበት ኔቫዳ የጋብቻ ፈቃድ ለመስጠት ቀን አታስጠብቅም። «ይጋቡ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ እዚያው ካለቀ፣ ዶቲ ዳርትላንድና ቸክ ሎሪ የፈጠሩት ይህ ድራማ አምስት ምዕራፍ ሙሉ በምን ቆመ?

በወላጆቹ ነው የቆመው። የዳርማ አባትና እናት ላሪና አቢ የ1960ዎቹ የሂፒ ትውልድ ናቸው፤ ሳይጋቡ ልጅ አሳድገዋል። የግሬግ ወላጆች ኤድዋርድና ኪቲ ደግሞ ባለጸጎች፣ የክበብና የግብዣ ሰዎች ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ለዚህ ግጭት ከመድረክነት በላይ ናት፤ የ1967ቱን የሃይት አሽበሪ ሰፈር ሂፒ ወጣቶችም የቆየውን ሀብትም በአንድ ከተማ አኑራለች። በሞንትጎመሪዎች ቤት ነውሩ ጥድፊያው ነው። በፊንክልስታይኖች ቤት ግን ጋብቻው ራሱ ነውር ሊሆን ይችላል፤ ያለ ወረቀት ዘመናቸውን አብረው የኖሩ ወላጆች ልጃቸው የመንግሥት ማኅተም ፍለጋ ሄደችባቸው። አንድ ፊርማ በሁለት ተቃራኒ ቤቶች ላይ የተነሣ ዐመፅ ሆነ። የድራማው ትልቁ ግኝት ይህ ይመስለኛል፤ ዳርማን «ነፃዋ»፣ ግሬግን «የታሰረው» ብሎ የሚያልፍ ንባብ ይስተዋል።

ጄና ኤልፍማን በዳርማነቷ በ1999 የጎልደን ግሎብ ሽልማት አግኝታለች፤ ሰውነቷ ሁሉ ሲጫወት ላየ ሰው ሽልማቱ የሚገባት ነው። ልቤን የሚይዘው ግን የሱዛን ሱሊቫን ኪቲ ነች። ኪቲ ቅር ስትሰኝ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ትሕትናዋን ታጠብቃለች። ከምራቷ ጋር እየተላመደች ስትሄድም ጨዋነቷን አትጥልም። ሱሊቫን አማትን መሣቂያ ከመሆን አድናታለች፤ ይህ በዘውጉ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው።

ድራማው የሚሸሸው ነገርም አለ። ከእሱ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ሲቢኤስ ያቀረበው «ብሪጅት ላቭስ በርኒ» አንዲት ካቶሊክና አንድ አይሁዳዊ አጋብቶ፣ ጥሩ ተመልካች እያለው፣ የሃይማኖት ተቋማት ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ በአንድ ምዕራፍ አብቅቷል። «ዳርማ እና ግሬግ» ፊንክልስታይን የሚለውን የአይሁድ ስም ይዞ ሳለ ልዩነቱን በአብዛኛው ወደ ጠባይ ያወርደዋል፤ እምነት ልማድ፣ ፖለቲካም ቀልድ ይሆናሉ። ገንዘብም እንዲሁ ነው። የኪራይ ጭንቀት የሌለበት ትዳር በድንገት መጋባት ከሚያስከፍለው ዋጋ ግማሹን ያስቀርለታል። ይባስ ብሎ የመለወጥ ሸክሙ በብዛት ግሬግ ላይ ይወድቃል። ዳርማ አስተማሪ ሆና ስለምትቀርብ የእሷ ፍርሃትና ጉድለት ለረጅም ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል፤ ግሬግን የሚጫወተው ቶማስ ጊብሰን በዝምታው የሚያሳየው ግራ መጋባት ለዚህ ነው የበለጠ ሰው ሰው የሚሸተው።

አራተኛው ምዕራፍ በመኪና አደጋ ይዘጋል። ቀጣዩ ዳርማ ከጉዳቷ ስታገግም ይጀምራል፤ እንደ ልብ የሚታዘዝላት ሰውነት ድንገት እንቢ ይላታል። ባሏ የሚያስታምማት፣ እሷም መታገዝን የምትማርበት ይህ ሁኔታ ከሬኖው ቀን ወዲህ ለትዳሩ የመጣለት ከባዱ ጥያቄ ነበር፤ ግን የመጣው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ኤቢሲም በ2002 ጸደይ ዘጋው።