በብቸኛ ቁጥሮች የማስተማር ዘዴ ላይ የቀረበ ሂስ

ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በስተቀር አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ተማሪው ይህን ትርጓሜ በቃሉ ይዞ እስከ 100 ያሉትን 25 ብቸኛ ቁጥሮች ከዘረዘረ፣ ትምህርቱ ግቡን እንደ መታ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ታላላቆቹ ብቸኛ ቁጥሮች ግን የኮምፒዩተር ጉዳይ ናቸው ተብለው ይታለፋሉ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብቸኛ ቁጥር፣ ይኸውም 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው፣ 41,024,320 አሃዞች ያሉት መሆኑ ሲነገር ይህ አስተያየት ይበልጥ ይጠናከራል።

አስተያየቱ ግን የተሳሳተ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በቆሼ አካባቢ የሚማር ልጅ ኮምፒዩተር ባያገኝ ከዚህ ዕውቀት የሚርቅበት ምክንያት የለም። 12 ቆርኪዎች በ3 እኩል ረድፍ ይደረደራሉ፤ 13 ቆርኪዎች ግን በአንድ ረድፍ ወይም አንድ በአንድ ካልሆነ በቀር እኩል ረድፍ አይሠሩም። ትርጓሜው ከቃል ወደ ማስተዋል የሚሸጋገረው ከዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይበቃሉ። 13 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 8,191 ይገኛል። 91 በ91 ሲባዛ ከ8,191 ስለሚበልጥ፣ በተለመደው መንገድ እስከ 90 ባሉት 24 ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ያሻል። ነገር ግን ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፣ የሁለቶቹ ብዛት ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን፣ የውጤቱ ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለዚያ ብዛት እጥፍ ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። የ13 እጥፍ 26 ስለሆነ እስከ 90 የሚታሰቡት 27፣ 53ና 79 ብቻ ናቸው። 27 ብቸኛ አይደለም። 8,191 ለ53 ሲካፈል 29፣ ለ79 ሲካፈል 54 ይተርፋል። ስለሆነም 8,191 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ የ24 ማካፈል ድካም በ2 ማካፈል ተፈጸመ።

ይሁን እንጂ የሁለቶቹ ብዛት ብቸኛ መሆን ብቻውን አይበቃም። 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2,047፣ የ23ና የ89 ብዜት ነው። ሜርሴን በ1644 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር 67ን አስገብቶ ነበር፤ ሉካስ በ1876 እ.ኤ.አ. ስሕተት መሆኑን አሳየ፤ ኮል በ1903 እ.ኤ.አ. አካፋዮቹን 193,707,721ና 761,838,257,287ን አቀረበ። የሊቅ ቃልም ቢሆን ማረጋገጫን አይተካም። የ2017ቱ ቁጥር የጸናበት ፈተናም ከዚያው ከሉካስ ሥራ የመነጨ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ድካሙን አቃለለ እንጂ ምክንያቱን አልፈጠረም።

እንግዲህ መምህሩም ሆነ የፈተና አዘጋጁ «ብቸኛ ቁጥሮችን ዘርዝር» በማለት ብቻ ሊወሰን አይገባም። «ብቸኛ መሆኑ በምን ታወቀ?» የሚለው ጥያቄ ሊጨመር ይገባል። ይህን ለመጠየቅ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ተማሪው ምክንያቱን እስኪያቀርብ ድረስ የሚሰጥ ጊዜ ነው።