የመላኪያው ብር የማን ነው?

አንድ ጋቢ ከሸማኔው እጅ ወጥቶ እኔ ዘንድ እስኪደርስ የሚያከራክር ነገር የለውም። ጥለቱ ታይቷል፣ ዋጋው ተቆርጧል፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። ጣጣው የሚጀምረው ገዢው ከፍሎ «በቃ ላኪልኝ» ሲል ነው። ወዴት?

እኔ የምልክባት ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደጀንና በደብረ ማርቆስ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ ስላለች ለላኪ የታደለች ከተማ ናት። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን በሁለቱም አቅጣጫ መኪና አይጠፋም። ዕቃው በማዳበሪያ ከረጢት ይሰፋል፤ ላዩ ላይ የተቀባዩ ስምና ስልክ በወፍራም ማርከር ይጻፋል፤ ለረዳቱ ይከፈላል፤ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና የረዳቱ ስልክ ለገዢው ይላካል። ገዢው መናኸሪያ ሄዶ ይረከባል ወይም ሞተረኛ ይልካል። ፖስታ ቤትም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ካቋቋሙት ጀምሮ፣ አገሪቱ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነችም በኋላ፣ ደብዳቤ ሲደርሰን የኖረው በሳጥን ቁጥር ነው። ደጃፋችን ድረስ የሚመጣ ፖስተኛ አልለመድንም። ስለዚህ ብዙ ገዢ አድራሻውን ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ሲደርስ ይደውልልኝ» ነው።

እንግዲህ አድራሻችን ስልካችን ነው ማለት ነው። ሰፈሩ ቢሳሳት ረዳቱ ደውሎ ይጠይቃል፤ ስልኩ ከተሳሳተ ግን ከረጢቱ ባለቤት የለውም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ07 የሚነሳ ቁጥር ከመጣ ወዲህ፣ 09 የለመደ እጅ ሳያስበው 09 ብሎ ይጽፋል። ውጭ አገር ያለው ደግሞ 251 ብሎ ጀምሮ ዜሮውንም ይጨምርበታል። በዚያው ዓመት ክረምት ማብቂያ ላይ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ትእዛዝ የምንቀበለው በድምፅ ብቻ ነበር። በሚቆራረጥ መስመር «ስድስት» እና «ስምንት» መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከዚያ ጊዜ የቀረልኝ ልማድ አለ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ መልሼ አነባለሁ፣ ከረጢቱ ሳይሰፋም እደውልበታለሁ። ደውዬ ያላረጋገጥኩት ቁጥር ከረጢት ላይ አይጻፍም።

የቦታ ስም ግን በመደወል ብቻ አይጠራም፤ ሁለታችንም አንድ ስም እየጠራን ሁለት ቦታ እናስባለንና። «አማኑኤል ነው የምቀበለው» ያለኝ ሰው መርካቶ አጠገብ ያለውን ሰፈር ማለቱ ይሁን ከእኛ ወደ ማርቆስ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለችውን የማቻክሏን ከተማ እንዴት አውቃለሁ? አንዱ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ነው፣ ሌላው ጎረቤት ነው። አያት የሚባለው ሰፈርና ቦሌ አካባቢ ያለው ሀያት ሆስፒታል በጆሮ አንድ ናቸው። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ክፍለ ከተማ ሲሆን የነዋሪው አፍ አብሮ አልተቆረጠም፤ ዛሬም «የካ» ብሎ የሚጽፍልኝ አለ። የኛም ስም ቢሆን ደምበጫ ከተማና ደምበጫ ዙሪያ ወረዳ እየተባለ ይከፈላል፤ ደምቢያ ብሎ የሚያነበውም አይጠፋም።

ከሁሉ የምወደው የቡሬን ነው። አንዲት ሴት የተፈጨ በርበሬ አዘዘችኝ፤ መቀበያው ቡሬ። ከእኛ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አድርጎ የሚደረስበት ቡሬ ቅርብ ነው፣ መላኪያውም ርካሽ። ግን የቡሬ ሰው በርበሬ ከደምበጫ ምን ሊያደርግ ይገዛል? ያ አገር ራሱ የበርበሬ አገር ነው፤ ውኃን ወደ ጣና እንደ መላክ ነው። ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ቡሬ ያሉኝ የእኛውን ነው?»

«የምን የእናንተ! የኢሉባቦሩን ነው እንጂ፣ ከጎሬ አለፍ ብሎ።»

በአሰብ መንገድ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ቡሬ አለ።

እዚህ ላይ ነው ከሌሎች ሻጮች ጋር የማልስማማው። ብዙዎቹ «ገዢው ቡሬ ብሎ ከጻፈ ቡሬ ልኬያለሁ፤ የመመለሻው ኪራይ የራሱ ነው» ይላሉ። እኔ ግን አንድ ስም ሁለት ቦታ እንደሚጠራ የማውቀው እኔ ከሆንኩና ካልጠየቅኩ፣ ኪራዩ የኔ ነው እላለሁ። ገዢዋ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቡሬ ብቻ ነው የምታውቀው፤ ከእሷ በኩል ምንም አልተሳሳተችም። ጠይቄ፣ አንብቤላት፣ «አዎ» ካለች በኋላ የመጣ ስሕተት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሄደው ኪራይ አይመለስም፤ ረዳቱ ተሸክሞ አድርሶ የበላው እንጀራ ነው፣ እኔ ኪስ ውስጥ የለም። የመመለሻውንና የዳግም መላኪያውንም ገዢው ይከፍላል፤ የዕቃውን ዋጋ ግን አልነካም።

ለዚህ ሲባል የመላኪያውን ብር ከዕቃው ዋጋ ለይቶ መጻፍ ግድ ነው። «መላኪያ ነጻ» የሚል ማስታወቂያ አልወድም። ነጻ የሚባል መኪና የለም፤ ኪራዩ ዋጋው ውስጥ ተደብቋል። ዕቃው ሲመለስ ምን ያህሉ ጋቢ፣ ምን ያህሉ ኪራይ እንደነበር ሻጩም ገዢውም ስለማያውቁት ጠቡ እዚያ ላይ ይነሳል። ማስረጃው ደግሞ የቴሌግራም ምልልሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ አድራሻውን በጽሑፍ ሳላረጋግጥ አልልክም፤ በስልክ ተነጋግረን እንኳ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር እጽፋለሁ። በፔይፓል የሚሸጡ ሰዎች የሻጭ ከለላ የሚያገኙት ክፍያው ገጽ ላይ ወዳለው አድራሻ ከላኩ ብቻ ነው፤ ገዢው በኋላ በመልእክት «ሌላ ቦታ ላኪው» ቢልና እሺ ቢሉት ከለላው ይቀራል። እኛ እንዲህ ያለ ገጽ ስለሌለን ያቺን አንዲት መስመር ራሳችን መሥራት አለብን።

ብር ሲመለስ ደግሞ የሚመለሰው ለማን ነው? ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ከመጣ ወዲህ ከፋዩና ተቀባዩ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ልጅ ይከፍላል፣ እናት ጋቢውን ትቀበላለች። ዕቃው ሳይደርስ ሲቀር የሚደውለው ማንም ሊሆን ይችላል፤ «ብሩን በዚህ ቁጥር መልሺልኝ» ይላል። እኔ የምመልሰው ብሩ ለመጣበት ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ሳስገባ የሚመጣውን ስም ከደረሰኙ ጋር አስተያይቼ። ጠያቂው ቢቆጣ ከከፋዩ ጋር ይጨራረስ።

ቅቤና ማር ሌላ ሕግ አላቸው። የተሳሳተ መናኸሪያ የወረደ ቅቤ በሙቀት ተመልሶ እስኪመጣ ቅቤነቱ ይቀራል። እንዲህ ያለውን አላስመልስም፤ እዚያው ከተማ ዘመድ ወይም ወዳጅ ፈልጌ እዚያው አሸጠዋለሁ፣ የጎደለውን ከገዢው ጋር እንከፋፈላለን። ማን ተሳሳተ የሚለው እስኪጣራ መጠበቅ ሁለታችንንም ያከስራል።

ውጭ አገር የምልከው ጋቢና ነጠላ ብቻ ነው፣ በፖስታ ቤት። እዚያ አድራሻው ከመንገድ ስም እስከ ዚፕ ኮድ ተሟልቶ ይመጣል፤ የሚረሳው የአፓርታማው ቁጥር ነው። የጥቅሉ ቅጽ ላይ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ቦታ አለ፦ ተቀባዩ ካልተገኘ ጥቅሉ ለላኪው ይመለስ ወይስ እንደተተወ ይቆጠር የሚል። ይመለስ ካልኩ የመመለሻውን ክፍያ እኔ ልጠየቅ እችላለሁ፣ ለአንድ ተራ ነጠላ ደግሞ ይህ ከነጠላው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ገዢውን ከመክፈሉ በፊት እጠይቀዋለሁ። ለጋቢ አብዛኛው «ይመለስ» ይላል፣ ክፍያውንም ይቀበላል። ለነጠላ ግን «ይተው» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ቅጹን ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ።