አንድ ጠርሙስ ለሁሉም ራስ

መንገድ ዳር የተለጠፈ ማስታወቂያም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሂስ ይገባዋል። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያም ወደ አቃቂ ሲወርዱ በየምሰሶውና በየሱቁ መዝጊያ የሚታየው የፀጉር መድኃኒት ማስታወቂያማ ከብዙ ልብ ወለዶቻችን ይልቅ አንባቢ አለው። ስልቱ የታወቀ ነው፤ የሕመም ስም ይደረድራል፣ ለሁሉም አንድ ጠርሙስ ያቀርባል፣ በስልክ ቁጥር ይደመድማል።

ትልቁ ጉድለቱ የቋንቋ ነው። አማርኛ እነዚህን ሕመሞች ለይቶ የጠራቸው በከንቱ አይደለም። ላሽ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ፣ ድንገት ራስን በክብ በክብ የሚያራቁት ነው። የራስ ጭርት ፈንገስ ነው፤ በማበጠሪያና በመላጫ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል እንጂ በቅባት ብቻ አይድንም። ራሰ በራነት በዘርና በሆርሞን ይመጣል። የሴቶች የግንባር ዳር መሳሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ አጥብቆ ከተጎነጎነ ሹሩባ ነው፤ ቶሎ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፣ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

አራስም አለች። ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ፀጉሯ ይረግፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በዓመት ውስጥ በራሱ ይተካል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ጠርሙሱን የሸጠላት ሰው ተፈጥሮ ለሠራችው ሥራ ገንዘቡንም ምስጋናውንም ይወስዳል! ያው ጠርሙስ የተገዛለት ጭርታም ልጅ በበኩሉ ወንድም እህቶቹን ያዳርሳል።

መድኃኒት የለም ማለቴ አይደለም። ለራሰ በራነት የሚቀባው ሚኖክሲዲል በአሜሪካ ከተፈቀደ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ግን ለወራት በየቀኑ ይቀባል፣ ሲያቆሙት ያበቀለው ይረግፋል፣ ለሁሉም አይሠራም። ይህን የሚናገር ምሰሶ እስካሁን አላየሁም።

ታዲያ ሰው ለምን ወደ ምሰሶው ይሄዳል? መቼም ሞኝ ስለሆነ አይደለም። መላጣ ለእኛ ስድብ ነው። ፀጉሬ ረገፈ ብላ የመጣችን ሴት «ይሄም ሕመም ሆነና!» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ አይጠፋም። የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ መዛባት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ግን ባለሙያው ያውቃል። አለርትም አለ፤ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተቋቁሞ፣ ዛሬ ከሀገሪቱ ዋና ዋና የቆዳ ሕክምና ማዕከላት አንዱ ነው። ነገር ግን የድሮው ፍርሃት ከስሙ አልተላቀቀምና ዘነበወርቅ ስትገባ ዘመድ እንዳያያት የምትሳቀቅ አለች። ምሰሶው አያሳፍርም፣ ወረፋም የለውም።

መንገዱ ግን ሩቅ አይደለም። መነሻው የቀበና ወይም የቦሌ ውድ ክሊኒክ ሳይሆን የሠፈር ጤና ጣቢያ ነው፤ እዚያ ካልተቻለ በሪፈር በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ባገኘችው ጥሩነሽ ዲባባ ስም ወደሚጠራው፣ እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ወዳለው ሆስፒታል፤ የቆዳ ሐኪም ካስፈለገም ወደ አለርት።

ይህን ማን ይንገረው? ጤና ጣቢያዎቻችን ከማስታወቂያ ለጣፊው አንድ ነገር ቢማሩ ደስ ይለኛል። በራቸው ላይ «የፀጉር መርገፍ እዚህ ይመረመራል» የሚል ወረቀት ይለጥፉ፤ ያለ ስልክ ቁጥርም ይነበባል።