የ31 ዓመቷ ሴት «አርጣለች»? የወር አበባን በአንድ ጥያቄ የሚለካ ጥናት

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለው ቡና ከሚጠጡ ሁለት ተማሪዎች አንዷ ለጓደኛዋ እንዲህ ስትል አስቡ፦ «ባለፈው ወር በማርያም መጣብኝ፤ በዚህ ወር ደግሞ በገብርኤል። ተዛብቶብኛል። ኋላ ልጅ ባልወልድስ?»

እስቲ አብረን እንቁጠርላት። ከማርያም (21) እስከ ቀጣዩ ወር ገብርኤል (19) 28 ቀን ነው። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ፣ በየ28 ቀኑ የሚመጣ የወር አበባ በየወሩ በሁለት ቀን እየቀደመ ይመጣል። ጳጉሜን ስትገባ ደግሞ ይብሳል፤ በነሐሴ አማኑኤል (28) የጀመራት ሴት በመስከረም ማርያም (21) ይመጣባታል። በሳምንት የቀደመ ይመስላል፣ ግን ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት ይህም ያው 28 ቀን ነው። የዚች ልጅ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ምንም አልተዛባባትም።

ከባዱ ጥያቄ የሌላዋ ነው፦ በ40 ቀን፣ በ50 ቀን፣ አንዳንዴም በስንት ወር አንዴ የሚመጣባት ሴት። እሷን አገራችን እንዴት ትቆጥራታለች? መልሱን ፍለጋ በሰፊው የሚጠቀሰውን ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንክፈት።

መጀመሪያ ሊመሰገን የሚገባውን እናመስግን። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. መረጃውን ሲሰበስብ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል። ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ሞት ብዙ የምናውቀው በዚህ ጥናት ነው። መጠይቁም በብዙ አገሮች አንድ ዓይነት ስለሆነ ራሳችንን ከጎረቤት ጋር ለማነጻጸር ያስችላል። ቅሬታዬ ስለ ወር አበባ በሚጠይቀውና በሚደመድመው ላይ ብቻ ነው።

አንደኛው ቅሬታ። ጥናቱ «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ጀመረ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አንድ ነው፣ የሚያገኘውም አንድ ቀን ነው። ከአንድ ቀን ዑደት አይወጣም፤ መዛባትን ለማወቅ ቢያንስ ተከታታይ የጥቂት ወራት ቀኖች ያስፈልጋሉ። ጥናቱ ግን ከዚያች አንዲት መልስ ተነስቶ ትልቅ ነገር ይደመድማል፦ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች፣ ያልጸነሰችና ከወሊድ በኋላ የወር አበባዋን እየጠበቀች ያልሆነች ሴት፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ካልመጣባት «ካረጡት» ሰንጠረዥ ውስጥ ትገባለች። በሕክምና ግን ማረጥ የሚባለው ሌላ ምክንያት ሳይኖር 12 ወር ሙሉ ሲቀር ነው፤ በ31 ዓመት ስድስት ወር የቀረባትን ሴትም ሐኪም «አርጠሻል» ብሎ አይሸኛትም፣ ምክንያቱን ይፈልጋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ፍላጎት በሚሰላበት ቦታም ይኸው የስድስት ወር መስፈርት «ማርገዝ የማይችሉ» ብሎ ለመለየት ያገለግላል።

ይህ በኛ አገር ለምን ያሳስባል? ባለትዳር ሴቶች ከሌላው ዘዴ ሁሉ በላይ የሚጠቀሙት የሦስት ወር መርፌውን ስለሆነ ነው። መርፌውን አንድ ዓመት ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ የወር አበባቸው ይቀራል። ካቆሙት በኋላም ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚጸንሱት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ በ10 ወር ገደማ ነው። መርፌውን አቁማ ልጅ የምትጠብቅ ሴት ስድስት ወር ካለፋት በቀመሩ «የማትወልድ» ትሆናለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች! «መርፌው መካን ያደርጋል» የሚለው ፍርሃት በየቤቱ ባለበት አገር፣ መዘግየትን ከመካንነት የማይለይ ቀመር ትንሽ ስህተት አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታ። ጥናቱ ሴት በዑደቷ ውስጥ ይበልጥ ልታረግዝ የምትችለው መቼ እንደሆነ ይጠይቅና አማራጮች ያቀርባል፦ ልክ ከመምጣቱ በፊት፣ በሚፈስበት ጊዜ፣ ልክ እንዳበቃ፣ ወይስ በሁለቱ መካከል እኩሌታ ላይ? ትክክል የሚባለው «እኩሌታ ላይ» ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ይህን አልመለሱም፤ እኛ ምሁራኑም «ግንዛቤ የለም» ብለን እንጽፋለን። ግን መልሱ ራሱ ለማን ነው ትክክል? እንቁላል የሚለቀቀው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። በ28 ቀን ዑደት ይህ እኩሌታው ላይ ይውላል። በ40 ቀን ዑደት ግን እኩሌታው 20ኛው ቀን ሲሆን እንቁላሉ የሚለቀቀው 26ኛው ቀን አካባቢ ነው። ለመጸነስ የሚመቹት እንቁላሉ የሚለቀቅበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስት ቀናት ስለሆኑ፣ ለዚች ሴት ከ21ኛው እስከ 26ኛው ይሆናሉ። «እኩሌታ» ብላ ልጅ የፈለገች ትስታለች፤ ያልፈለገችም «አለፈ» ብላ ስትዘናጋ ትጸንሳለች።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 221 ሴቶችን ተከታትሎ፣ የመጸነሻ ቀኖቻቸው ሙሉ በሙሉ ከ10ኛው እስከ 17ኛው ቀን ውስጥ የዋሉት 30 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። አብዛኞቹ ሴቶች ደግሞ ዑደታቸው የተስተካከለ ነበር። ታዲያ መጠይቁ ላይ «ዑደትሽ ስንት ቀን ነው? ይለዋወጣል?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች መጨመር ይህን ያህል ይከብዳል?

ለጥናቱ የሚከራከር «ይህ የሕዝብ ቆጠራ መሣሪያ እንጂ የሐኪም ምርመራ አይደለም» ይለኛል። ልክ ነው፤ ለአማካይ ሲባል ሻካራ መስፈርት ይበቃ ይሆናል። ችግሩ ቁጥሩ ሰንጠረዡ ውስጥ አይቀመጥም። ወደ ማስተማሪያ ጽሑፍ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ምክር፣ ከዚያም ወደ ባልና አማት ጆሮ ይደርሳል። በከተማም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ የምትጠየቀው ሴቷ ናት፤ ምክንያቱ ከወንዱም ሊሆን እንደሚችል ብናውቅም። «የማትወልድ» የሚል ቃል ትዳር ያፈርሳል።

አሁን ወደናንተ ልመለስ። የወር አበባ መዛባት መካንነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እንቁላል የሚለቀቀው አልፎ አልፎ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ነው። የመጀመሪያ የወር አበባ ካየች ሦስት ዓመት ላልሞላት ልጅ ከ21 እስከ 45 ቀን የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ከ21 ቀን የሚያንስ ወይም ከ35 ቀን የሚበልጥ ዑደት ከተደጋገመ፣ ወይም ሦስት ወር ከቀረ፣ መታየት ይገባል። ፊት ላይ ፀጉር መብዛት፣ ሳያጠቡ ከጡት ወተት መፍሰስ፣ ከልክ ያለፈ ደምም ቀጠሮ የማያስጠብቁ ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያው ምርመራ የእርግዝና ነው፤ ከዚያ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን፣ ካስፈለገም አልትራሳውንድ። ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ የሆነው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች መውለድ ይችላሉ፤ ያስቸገራቸውንም እንደ ሌትሮዞል ያሉ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያግዙ እንክብሎች ይረዷቸዋል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የስድስት ወር ቀኖች ጽፋችሁ ያዙ። በማርያምም ቁጠሩት በገብርኤል፣ ብቻ በመካከሉ ያለውን የቀን ብዛት አስሉ። ያች ወረቀት ትልቁ ጥናት ያልጠየቃችሁን ጥያቄ ትመልሳለች። ቀጣዩን መጠይቅ ለሚያዘጋጁ ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ የዘገየባትንና የማይሆንላትን ለዩ።